አንዲት ፊደል

ከሐይቅ ገበያ ወርዶ፣ ደንገሉ ሲሳሳ፣
ከዳር ሃያ ክንድ ላይ አለች አንዲት ሬሳ፤
የብረት ሬሳ ነች፣ ሰው እንዳይደነግጥ፣
ጀልባ ነች፣ በጎኗ ከጭቃው ላይ ለጥ።
ውሃው በበጋ ሲሸሽ አፍንጫዋ ይወጣል፣
ዳክዬ ይሰፍርበታል፣ ፀሐዩን ይሞቃል፤
ክረምት ሲመለስ ግን ማንም አያስታውሳት፣
መረብ ስትቀድ ብቻ በርግማን ነው 'ሚያነሷት።

ሙህዬ አደም መጣ ከምጽዋ ተመልሶ፣
አንድ ጆሮው ደንቁሮ፣ ባሕር ኃይሉ ፈርሶ፤
ጠላቂ ነበረ።
ሌላው የያዘውን ይዞ ሲገባ ካገሩ፣
እሱ በሹራብ ጠቅልሎ የውሃ መነፅሩ፤
ላስቲኩ ሲበጠስ ከመነዳሪ ቆርጦ፣
መተንፈሻ ቱቦ ካትክልት ጎማ መርጦ፣
ልጅ ይሰበስባል ቅዳሜ ቅዳሜ።

"እዚያ" ይለናል፣ "ከወደቡ አጠገብ፣
ሁለት ቁመት ብቻ የጠለቀች መርከብ፣
መርጃን በቅሎባታል፣ ቀይና ወይን ጠጅ፣
ዓሣው ይመላለሳል በመስኮት በደጅ።
ዝገቷ አይታይም። አትክልት ሆናለች።"

መርጃን እኔ 'ማውቀው ካክስቴ አንገት ነው፣
በጥቁር ክር ላይ ከብር ጋር ሰክታው።
"ድንጋይ አይደለም ወይ?" ብለው ሳቀብኝ፤
"ድንጋይ? ሚጢጢ ነፍስ ናት እንጂ" አለኝ፣
"ቤቷን ሠርታ ትሞታለች፤ ልጇ ደግሞ ቀጥላ
ትሠራለች ቤቷን፣ ከናቷ ጣራ ላይ ተንጠላጥላ።"

ተራዬ ሲደርስ
እንዳዲስ ግልገል ጉልበቴ ከዳኝ።
"አብሽሪ" አለኝ።
አጎነበስኩ።

ዝም።

የገበያው ጫጫታ፣ የአይሱዙው ጥሩምባ
ባንዴ ተቆረጠ።
የቀረው ትንፋሼ፣
በቱቦው ሲወጣ፣ በቱቦው ሲገባ፣
የኔ አልመስልሽ አለኝ፤ ከማጅራቴ ኋላ
አንድ ሽማግሌ የተኛ ነው እንጂ።

ከዚያ፣ ካረንጓዴው ውስጥ፣
መጣች፤ ወይም እኔ ሄድኩባት።
ጎኗ እንዳሮጌ ዋርካ ሽበት ለብሷል፣
ቀንድ አውጣ ከብረቱ ተለጥፏል፣
ከሞተሩ ጉድጓድ አንዲት ቆሮሶ
ልጆቿን ባፏ ይዛ አፈጠጠችብኝ፤
ብትተነፍስ ይበተኑባታል፤
እሷም እኔም
ትንፋሻችንን ዋጥን።

ቀና ብዬ ጮኽኩ፦
"ጋሽ ሙህዬ! መርጃን የለም!"

መልስ አልሰጠኝም። አየር ሳበና ወረደ።
ከላይ ሆኜ አየሁት፤ በመዳፉ
ሽበቱን ጠረገው፤ ጭቃው እንደ ጭስ ቦነነ፤
ሲጠራ፣ ነጭ ቀለም፣ የእጅ ጽሑፍ፦
የወገን መርጃ።
ከሥሩ ፸፯።

በጥፍሩ፣ ከመጨረሻው ፊደል ጎን፣
ከቀረው ሽበት ላይ፣ ቀስ ብሎ ጫረ፦
ን።

ወጣ። ከደንቆሮ ጆሮው ውሃ እያራገፈ፣
"ይኸውልሽ" አለ፣ "በቀለ።"

ማታ፣ የመነፅሩ ክብ ፊቴ ላይ ታትሞ፣
እናቴ ከደጅ ቁጭ ብላ ቅርፊት ስትፍቅ ደረስኩ።
ተቆጣች፣ ጸጉሬ ሳይደርቅ።
ነገርኳት፤ ስሟን ጭምር።
ቢላዋው ቆመ።

"ያቺ ናት?" አለች።
"ስንቱ ሰው ካለቀ፣ ዝናቡም ከጣለ፣
በካሚዮን ተጭና፣
ዘግይታ ነው የመጣች።
ወንድሜን በቀበርን ባርባኛው ቀን።"

አንድ ቅርፊት ከክንዷ ላይ ነጠለች፣
በኩራዙ አየችው፣ ጣለችው።

"ዓሣ አለባት?"
"አለባት።"
"ብዙ?"
"አንዷን ልጆቿን ባፏ ይዛ አይቻታለሁ።"

ቢላዋው ቀጠለ።